ቀለህ መስፈሪያነቱን ሲተው፦ አዲስ የጠመንጃ ባሩድ በአዲስ አበባ ከፍታ እንዴት ይገመገማል?

አኅጽሮት

ይህ መጣጥፍ ያገለገለ ቀለህን እንደገና ለመሙላት የሚቀርብ አዲስ ባሩድ በምን ዘዴ መገምገም እንዳለበት ይመረምራል። መነሻው የውጅግራ ጠመንጃ ዘመን ልምድ ነው። በጥቁር ባሩድ ጊዜ ቀለሁ ራሱ መስፈሪያ ነበር፤ ጭስ አልባው ባሩድ ግን ይህን ዋስትና አስቀርቷል። ስለዚህ የባሩድ ግምገማ በዓይን ግምትና በጥቂት ተኩስ ሊወሰን አይችልም፤ ግፊትን፣ ሙቀትንና የናሙና ብዛትን አንድ ላይ መመዘን ይጠይቃል።

ታሪካዊ ዳራ

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በብዛት ከገቡት ጠመንጃዎች አንዱ ውጅግራ ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1874 የፈረንሳይ ጦር የታጠቀው «ግራ» የተባለ ጠመንጃ 11 ሚሊ ሜትር አፈሙዝ ነበረው። ጥይቱ 5.25 ግራም ጥቁር ባሩድ ይይዛል፤ 25 ግራም የሚመዝነውን የእርሳስ አረር በሰከንድ 455 ሜትር ገደማ ያስፈነጥራል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ በተሰለፈው የኢትዮጵያ ጦር እጅ ውጅግራ፣ ሬሚንግተንና ሌሎችም የተለያየ ጥይት የሚበሉ ጠመንጃዎች ነበሩ። ጥይት ከባሕር ማዶ የሚመጣ ውድ ዕቃ በመሆኑ ቀለህ አይጣልም ነበር፤ ተሰብስቦ እንደገና ይሞላ ነበር። በአንዳንድ የደቡብና የምዕራብ ገበያዎችም ጥይት እንደ ሳንቲም ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር።

ጥይትን በመልኩ አይቶ እንደ ገንዘብ መቀበል የተቻለበት አንድ ቴክኒካዊ ምክንያት አለ። ጥቁር ባሩድ ከፖታሲየም ናይትሬት 75፣ ከከሰል 15፣ ከድኝ 10 በመቶ ገደማ ይቀመማል። ሲቃጠል ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጠጣር ዝቃጭና ጭስ ሆኖ ይቀራል፤ የሚገፋው ጋዝ ከግማሽ ያነሰው ነው። የመንደዱ ፍጥነትም ግፊት ሲጨምር ብዙ አይለወጥም። በዚህ ምክንያት ቀለሁን እስከ አረሩ ግርጌ የሞላ ሰው፣ ሚዛን ባይኖረውም፣ ከልኩ ብዙ አይርቅም። የቀለሁ ሆድ ከሚገባው በላይ አይቀበልም።

ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬይ እ.ኤ.አ. በ1884 ጭስ አልባውን ባሩድ ሲያዘጋጅ ይህ ሥርዓት ፈረሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው የለበል ጠመንጃ 2.75 ግራም ገደማ በሆነ ባሩድ 15 ግራም አረርን በሰከንድ ከ600 ሜትር በላይ አስወነጨፈ። ሁለቱን ጥይቶች በአፈሙዝ ጉልበታቸው ብናነጻጽር፣ አንድ ግራም ጭስ አልባ ባሩድ ለአረሩ የሚሰጠው ጉልበት ከጥቁሩ እጥፍ ገደማ ይሆናል። የባሰው አደጋ ግን ከዚህ ይለያል። የጭስ አልባው ባሩድ ዋና ንጥረ ነገር የሆነው ናይትሮሴሉሎስ ግፊት ሲጨምር በፍጥነት ይነዳል፤ በፍጥነት ሲነድ ደግሞ ግፊቱን ያባብሳል። የውጅግራን ቀለህ በቀድሞው ልማድ እስከ አፉ በዚህ ባሩድ የሞላ ሰው ጠመንጃውን በእጁ ላይ ያፈነዳዋል። ቀለሁ ያው ነው፤ መስፈሪያነቱ ግን አብቅቷል።

የግምገማ መለኪያዎች

የመጀመሪያው መለኪያ ግፊት ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት ከቤልጅየም የተገዙት ማውዘሮች የሚጠቀሙበት 7.92 ሚሊ ሜትር ጥይት በዛሬው የአውሮፓ ደንብ ከ3,900 ባር በላይ ግፊት እንዳይፈጥር ተወስኗል። ይህን ወሰን በዓይን ማወቅ አይቻልም። ብዙ ተኳሾች የመለኮሻውን ጠፍጣፋነት ወይም የመቀርቀሪያውን መክበድ እንደ ምልክት ይወስዳሉ፤ ነገር ግን እነዚህ ምልክቶች ብዙ ጊዜ የሚታዩት ወሰኑ ካለፈ በኋላ ነው። የመለኮሻው ብረት ስስነትና ጥይቱ የሚገባበት ክፍል ስፋትም ምልክቱን ይለውጡታል። ስለዚህ የግፊት መለኪያ የሌለው ገምጋሚ ከአምራቹ ሰንጠረዥ መውጣት የለበትም፤ ከዝቅተኛው መጠን ጀምሮ በትንሽ በትንሹ መጨመር ብቻ ይፈቀድለታል። ቀለሁም አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ወፍራም ግድግዳ ያለው ቀለህ ውስጡ ጠባብ ስለሆነ ያው ባሩድ የበለጠ ግፊት ይፈጥርበታል።

ሁለተኛው የፍጥነት ወጥነት ነው። እዚህ ላይ የሚፈጸመው ስሕተት ከኬሚስትሪ ይልቅ የስታቲስቲክስ ነው። አምስት ጥይት ተኩሶ የፍጥነቱ መደበኛ ልይይት በሰከንድ 4 ሜትር ሆነ እንበል። የ95 በመቶ መተማመኛ ክልሉ ከ2.4 እስከ 11.5 ሜትር ይዘረጋል፤ ማለትም እጅግ ጥሩ የሆነ ባሩድና ተራ ባሩድ በዚህ ናሙና አይለዩም። በ10 ጥይት ክልሉ ከ2.8 እስከ 7.3፣ በ30 ጥይት ደግሞ ከ3.2 እስከ 5.4 ሜትር ይጠብባል። «አዲሱ ባሩድ ከአሮጌው ወጥ ነው» ለማለት ከየዓይነቱ ቢያንስ ሠላሳ ጥይት፣ በአንድ ቀን፣ በተፈራራቂ ቅደም ተከተል መተኮስ ያስፈልጋል። ማፈራረቁ አስፈላጊ የሚሆነው የአፈሙዙ መሞቅና መቆሸሽ አንዱን ባሩድ ብቻ እንዳይጎዳ ነው።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። በብዙ የተለመዱ ባሩዶች የአንድ ዲግሪ ሴልሲየስ ጭማሪ የአረሩን ፍጥነት በሰከንድ ከ0.5 እስከ 1 ሜትር ከፍ ያደርገዋል። በአዲስ አበባ ልደታ ሰፈር በማለዳ በ10 ዲግሪ የተፈተነ ጥይት በአፋር ቆላ 40 ዲግሪ ሲያገኘው ከ15 እስከ 30 ሜትር በሰከንድ ሊጨምር ይችላል። ግፊቱ ከፍጥነቱ በበለጠ መጠን ስለሚያድግ በደጋ ከወሰኑ ጫፍ ላይ የቆመ መጠን በቆላ ወሰኑን ያልፋል። በአንድ አገር ውስጥ እንዲህ ያለ የአየር ልዩነት ሲኖር የሙቀት ፈተና የግዴታ ነው።

የከፍታ ተጽዕኖ

ልደታን ጨምሮ አብዛኛው አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ነው። የአየሩ እፍጋት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ይህ በቀለሁ ውስጥ የሚሆነውን ቃጠሎ እምብዛም አይነካውም፤ ከአፈሙዝ የወጣውን አረር ግን ይጠቅመዋል። አረሩ ሲጓዝ የሚገጥመው ግትታ ስለሚቀንስ በረጅም ርቀት ላይ የሚወርደው በትንሹ ነው። አምራቹ በዝቅተኛ ቦታ ለክቶ ካሳተመው የመውረድ ሰንጠረዥ ጋር የሚያነጻጽር ገምጋሚ ይህን ትርፍ ለባሩዱ ሊሰጥ ይችላል። የባሩዱ ድርሻ የሚታወቀው በአፈሙዝ አቅራቢያ በሚለካ ፍጥነት ነው፤ በዒላማ ላይ ያለውን ከፍታ ማየት የባሩድና የአየር ድርሻን ያቀላቅላል።

ከእነዚህ ሌላ የማከማቻ ጉዳይም መታየት አለበት። ናይትሮሴሉሎስ በጊዜ ብዛት ይፈራርሳል፤ ማረጋጊያው ሲያልቅ አሲድ የሚሸት ቡናማ ጋዝ ይወጣዋል። ጥቁር ባሩድ ደግሞ በክረምቱ እርጥበት ይጎዳል፤ ዝቃጩም ያልተወለወለ አፈሙዝን ያዝጋል። አዲስ ባሩድ በመጀመሪያው ወር ባሳየው ውጤት ብቻ መመስከር አይገባም።

ሕግና ማጠቃለያ

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ ሳይኖር ጦር መሣሪያ ማምረትን ይከለክላል። ስለዚህ ከላይ የተዘረዘረው ሥራ ቦታው ፈቃድ ያለው ተቋም ነው፤ እንደ ሆሚቾ ባለ የጥይት ፋብሪካ ወይም በፖሊስ የምርመራ ክፍል። በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የልደታ ምድብ በመሰለ ችሎት ፊት በእጅ የተሞላ ጥይት ማስረጃ ሆኖ ቢቀርብ፣ ባለሙያው «ኃይለኛ ነው» ማለቱ ብቻ አያጠግብም። የባሩዱ የምርት ቡድን፣ የቀለሁ ዓይነት፣ የተተኮሰው ብዛት፣ የጥይቱ ሙቀትና የቦታው ከፍታ በሪፖርቱ ካልሰፈሩ ሌላ ባለሙያ ፈተናውን ደግሞ ሊያረጋግጠው አይችልም።

በውጅግራ ዘመን ይህ ሁሉ መዝገብ አያስፈልግም ነበር፤ ቀለሁ ራሱ ልኩን ይጠብቅ ነበርና። ያ ጠባቂ ስለሌለ ኃላፊነቱ ወደ ገምጋሚው ተሻግሯል። ወሰኑን በመሣሪያ ያልለካ፣ በቆላም በደጋም ያልፈተነ፣ ናሙናውንም ያላበዛ ሰው ስለ አዲስ ባሩድ ሊሰጥ የሚችለው አስተያየት እንጂ ግምገማ አይደለም።