መወጣጫውን ማን ተረከበ?

በሕንፃ ሥራ ታሪክ መወጣጫ ስሙ የማይነሣ ባለውለታ ነው። ሕንፃው በሚመረቅበት ዕለት እርሱ ፈርሶ ተወስዷል። ለመሠረትና ለዓምድ ከምንሰጠው ትኩረት ለእርሱ እጅግ ያነሰውን የምንሰጠው ምናልባት ጊዜያዊ በመሆኑ ሳይሆን አይቀርም። በላዩ ላይ ለሚቆመው ሰው ግን መወጣጫው ጊዜያዊ ነገር አይደለም።

ሚያዝያ 19 ቀን 1970 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. አፕሪል 27 ቀን 1978) በአሜሪካ፣ በዌስት ቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት፣ ዊሎው አይላንድ በተባለው ሥፍራ የደረሰው አደጋ ለዚህ ምስክር ነው። በዚያ ይሠራ የነበረው የኃይል ማመንጫ የማቀዝቀዣ ማማ፣ 1.5 ሜትር ያህል ቁመት ያላቸው የኮንክሪት ቀለበቶች እየተደራረቡ የሚያድግ ነበር። መወጣጫውና ካሳፎርማው ከመሬት አልተነሡም፤ በማማው ግድግዳ ላይ በብሎን ታስረው ከቀለበት ወደ ቀለበት ከፍ ይሉ ነበር። እንግዲህ የዛሬውን ሠራተኛና ዕቃ የሚሸከመው በቅርቡ የተሞላው ኮንክሪት ነበር ማለት ነው።

በዚያን ዕለት ጠዋት 28ኛው ቀለበት ከተሞላ ገና አንድ ቀን ያህል ቢሆነው ነው፤ ሌሊቱም ቀዝቃዛ ነበር። በ50 ሜትር ያህል ከፍታ የ29ኛው ሙሌት እየተካሄደ ሳለ ግድግዳው በአንድ ወገን ተናደ፤ ናዳውም በግራና በቀኝ ማማውን ዞረ። በመወጣጫው ላይ የነበሩት 51 ሠራተኞች በሙሉ ሞቱ። የአገሪቱ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ ባካሄደው ምርመራ፣ የ28ኛው ቀለበት ኮንክሪት በቂ ጥንካሬ ሳያገኝ ጭነት እንዲሸከም መደረጉ ከሁሉ የሚያመዝነው ምክንያት ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የጎደለው የተራቀቀ ዕውቀት አለመሆኑ ነው። ቅዝቃዜ የኮንክሪትን መጠንከር እንደሚያዘገይ መሐንዲስ ሁሉ ያውቀዋል። የጎደለው፣ በአንዱ ሥራ ፍጻሜና በሌላው መጀመሪያ መካከል ቆሞ «ይሸከማልን?» ብሎ የሚጠይቅና በናሙና ፍተሻ መልስ የሚሰጥ ኃላፊ ነው። በአጭሩ የጎደለው ርክክብ ነበር።

ደንቡም ከአደጋው ቀድሞ የታወቀ ነው። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1929 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1937) ያጸደቀው ቁጥር 62 ስምምነት፣ መወጣጫውን የሠሩት የራሱ ሰዎች ሆኑም አልሆኑ፣ ማንኛውም አሠሪ ሠራተኞቹን ከማውጣቱ በፊት ደኅንነቱን እንዲያረጋግጥ ያዝዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው ቁጥር 167 ስምምነት ደግሞ መወጣጫ ብቃት ባለው ሰው እንዲመረመር፣ ውጤቱም በጽሑፍ እንዲያዝ ይጠይቃል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. የ2005 ደንብ መሠረት ሰው ከ2 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ሊወድቅበት የሚችል የግንባታ መወጣጫ ባለፉት 7 ቀናት ውስጥ ካልተመረመረ አይሠራበትም።

በአገራችን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ የአዲስ አበባን የእንጨት ችግር ከማቃለሉም በላይ ለብዙ ሕንፃዎች መወጣጫ ሆኗል። አናጺው ያስረዋል፤ ግንበኛው ይወጣበታል፤ ከዚያም ለሳኙና ቀለም ቀቢው ይከተላሉ። እያንዳንዱ መንገዱን የዘጋበትን አግዳሚ ፈትቶ ካለፈ፣ ቀለም ቀቢው የሚወጣበት መወጣጫ አናጺው ያቆመው መወጣጫ አይደለም። ዕንጨቱ በብረት ቢተካም ይኸው ችግር አይቀርም።

ስለሆነም ርክክቡ በቃል መቅረት የለበትም። መወጣጫው ሊሸከም የሚገባው ከፍተኛ ጭነት፣ ከግድግዳው ጋር የታሰረባቸው ቦታዎች፣ የተመረመረበት ቀንና የመርማሪው ፊርማ በአንድ ወረቀት ይስፈር። ከከባድ ዝናብና ነፋስ በኋላ፣ እንዲሁም አንድ አካሉ በተነካ ቁጥር ምርመራው ይደገም። ያልተረከቡት መወጣጫ ደግሞ መሰላሉ ይነሣ። ይህን ሁሉ ለማድረግ የሚጠፋው ጊዜ ጥቂት ነው፤ በዊሎው አይላንድም ኮንክሪቱ ይፈልግ የነበረው ጥቂት ተጨማሪ ጊዜ ብቻ ነበር።