በድንጋይና በድንጋይ መካከል

የሰው ልጅ ለራሱ መጠለያ፣ ለእምነቱ ቤት፣ ለገዥው ግንብ ማቆም ከጀመረበት ዘመን አንሥቶ ድንጋይ ጠራቢው ከአንድ ጥያቄ ጋር ሲታገል ኖሯል። ሁለት ድንጋዮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ጠርዝ ለጠርዝ ይጋጠሙ? ወይስ በመካከላቸው ክፍተት ይተው? ዛሬም የተፈጥሮ ድንጋይ ወለል የሚያስነጥፍ ባለቤትና ግንበኛው የሚከራከሩት በዚሁ ነው። ባለቤቱ ወለሉ እንደ አንድ ሰሌዳ ተዋሕዶ እንዲታየው ይሻል፤ ግንበኛው ደግሞ ከጣሊያንኛ በተወረሰ ቃል «ፉጋ» የሚለውን ክፍተት ካልተውሁ ይላል። ክርክሩ ላይ ላዩን ሲያዩት የመልክ ጉዳይ ይመስላል። የኢትዮጵያን የድንጋይ ሥራ ታሪክ ለመረመረ ግን ከመልክ የጠለቀ ነገር አለበት።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበው የየሐ ቤተ መቅደስ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት ገደማ የቆመው ይህ ሕንፃ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ የተገነባ ሲሆን፣ ጥርብ ድንጋዮቹ እጅግ ከመቀራረባቸው የተነሣ መጋጠሚያቸው እንደ ቀጭን መሥመር ብቻ ይታያል። ይሁንና ይህ ውበት በቀላሉ የተገኘ አልነበረም። እያንዳንዱ ድንጋይ ከጎረቤቱ ጋር እየተለካና እየተፋቀ እስኪገጥም ድረስ የስንት ሰው ክንድ እንደዛለ የመዘገበ የለም። በዚያም ላይ ሥራው ግድግዳ ነውና የላይኛው ድንጋይ ክብደት የታችኛውን አጥብቆ ይይዘዋል። ወለል ይህ ዕድል የለውም፤ ከላይ የሚመላለስ እግር ይረግጠዋል፣ ከታች የሚያርፈውም በሚነቃነቅ መሬት ላይ ነው።

የአክሱም ግንበኞች በሌላ መንገድ ሄዱ። ለማዕዘን ጥርብ ድንጋይ ቢጠቀሙም፣ አብዛኛውን የግድግዳ ክፍል ያልተጠረበ ድንጋይ በጭቃ እያያያዙና በመካከሉ እንጨት እያጋደሙ ሠሩት። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ በተቆፈረው የዱንጉር ሕንፃ ውስጥም በጠፍጣፋ ድንጋይ የተነጠፉ ወለሎች ተገኝተዋል። እንዲህ ባለው ሥራ የድንጋዮቹን የቅርፅና የመጠን ልዩነት የሚያስማማው መጋጠሚያው ነው።

የላሊበላ ጠራቢዎች ደግሞ ጥያቄውን ከነሥሩ ያስወገዱት ይመስላል። ከአንድ አለት በተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት ወለሉም፣ ግድግዳውም፣ ጣሪያውም አንድ ድንጋይ ነው። ሆኖም ሰው ያልተወውን ክፍተት ፀሐይ፣ ዝናምና የአለቱ የተፈጥሮ ጉድለት ከፈቱት። ዛሬ አለቱ በየስፍራው ተሰነጣጥቋል፤ በ2000 ዓ.ም. በአንዳንዶቹ ላይ መጠለያ የተሠራውም ዝናሙን ለመከላከል ነው። መጋጠሚያ የሌለው ድንጋይ ሲሰነጠቅ፣ ስንጥቁ ሰው በመረጠለት መሥመር አይሄድም።

ከሁሉ ይልቅ ግልጽ የሆነውን ትምህርት የሚሰጠው ጎንደር ነው። ፋሲል ከተማዋን በ1628 ዓ.ም. ሲቆረቁሩ የኖራ ሥራ በአገሩ ታውቆ ነበርና፣ የግንቡ ድንጋዮች በኖራ ተያያዙ። ኖራ ከድንጋዩ የላላ ነው፤ እርጥበትን ወደ ውጭ ያስተነፍሳል፤ ሕንፃው ጥቂት ቢነቃነቅም አብሮ ይታዘዛል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ግን የግንቦቹ እድሳት በሲሚንቶ ተካሄደ። ሲሚንቶ ጠንካራ ነው፤ ጉዳቱም የመጣው ከዚሁ ጥንካሬ ነው። መውጫ ያጣው እርጥበት በመጋጠሚያው ፋንታ በድንጋዩ በኩል ሲወጣ የሚበላው ድንጋዩ ነውና። በኋላ በዩኔስኮ ድጋፍ በተካሄደው እድሳት ወደ ኖራው መመለስ ግድ ሆኗል።

እነሆ የመጋጠሚያ ትርጉም ከዚህ ይገለጣል። መጋጠሚያ ድንጋዩ እንዳይጎዳ በድንጋዩ ፋንታ የሚጎዳ ክፍል ነው። ያረጀ ኖራ ተፍቆ በአዲስ ይተካል፤ የተሰበረ ጥርብ ድንጋይ ግን እንደነበረ አይመለስም።

ይህ ለዛሬው ወለልም ይሠራል። በመጋዝ የተቆረጠ ድንጋይ እንኳ ልኩ ፍጹም አንድ አይደለም። እያንዳንዱ በ1 ሚሊሜትር ቢበልጥ በ20 ድንጋይ ረድፍ መጨረሻ ላይ ስሕተቱ 20 ሚሊሜትር ይሆናል። 10 ሜትር የሚረዝም ንጣፍ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲለዋወጥ 2 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል ወይም ያጥራል። መፈናፈኛ ካጣ ጠርዝ ጠርዝን ይገፋል፤ ጠርዙ ይሸረፋል ወይም ድንጋዩ ከመደቡ ይነሣል። ስለዚህ በጥራት ለተቆረጠ ድንጋይ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር፣ ሸካራ ለሆነው ደግሞ እስከ 10 ሚሊሜትር ድረስ መተው፣ በግድግዳው ሥርም ዞኮሎው የሚሸፍነው ክፍተት ማስቀረት ይገባል። መሙያውም ከድንጋዩ የበለጠ ጠንካራ መሆን የለበትም።

ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በብዙ ከተሞች ኮብልስቶን ያነጠፉ ወጣቶች ይህንኑ በእጃቸው ተምረውታል። ድንጋዩን በአሸዋ ላይ ይደረድራሉ፤ መካከሉንም በአሸዋ ይሞላሉ። መንገዱ ሲሰምጥ ድንጋዩ ተነሥቶ፣ መደቡ ተስተካክሎ፣ ያው ድንጋይ ተመልሶ ይቀመጣል። በየሐ ዘመን ክፍተቱን ያጠፋው የብዙ ሰው ድካም ነበር። ዛሬ ያን ድካም ሳይከፍል መልኩን ብቻ የሚፈልግ ባለቤት ዕዳውን ወደ ድንጋዩ ያስተላልፋል፤ ግንበኛው ክፍተት ልተው ሲለውም ስለ ወለሉ ዕድሜ እየነገረው ነው።