«ናይስ»፦ የአንድ ቃል የፍቺ ጉዞ

የአንድን ቃል ፍቺ በዛሬው አገልግሎቱ ብቻ መወሰን የቀድሞ ጽሑፎችን ለተዛባ ንባብ ይዳርጋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለዚህ አስረጅ የማደርገው «ናይስ» የተባለውን የእንግሊዝኛ ቃል ነው።

የቃሉ ምንጭ በላቲን «አላዋቂ» የሚል ፍቺ ያለው «ኔስኪዩስ» ነው። በጥንታዊ ፈረንሳይኛ በኩል አልፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1300 ገደማ እንግሊዝኛ ውስጥ ሲገባ «ሞኝ፣ ቂል» ማለት ነበር። ቀጥሎ «ዓይናፋር»፣ «መራጭ»፣ «ስስ»፣ በ16ኛው ምዕተ ዓመት ደግሞ «ጥንቁቅ»ና «ረቂቅ» የሚሉትን ፍቺዎች ደረበ። «ደስ የሚል» የተሰኘው የዛሬው ፍቺ የጎላው በ18ኛው ምዕተ ዓመት ነው። በ1817 መጨረሻ በታተመው የጄን ኦስተን «ኖርዛንገር አቢ» ልቦለድ፣ ሄንሪ ቲልኒ የተባለው ገጸ ባሕርይ ቃሉ የሁሉም ነገር መወደሻ በመሆኑ ሲሳለቅ እናገኘዋለን።

ተመሳሳይ የሚባሉት ቃላትም ቢሆኑ እያንዳንዳቸው «ናይስ»ን የሚተኩት በአንድ ፈርጁ ብቻ ነው። ከጥንታዊ እንግሊዝኛ የወረደው «ካይንድ» የሰውን ደግነት፣ ከፈረንሳይኛ የመጣው «ፕሌዛንት» አስደሳችነትን፣ ከላቲን የሚመዘዘው «ፕሪሳይስ» ጥንቃቄን ይወክላሉ። አንዱ የሌላውን ቦታ አይሸፍንም።

ተማሪዎቼ «ናይስ ዲስቲንክሽን» የሚለውን ሐረግ «ጥሩ ልዩነት» ብለው ሲመልሱት፣ «ረቂቅ ልዩነት» የሚለው የደራሲው ሐሳብ ይጠፋል፤ ክርክሩም ወደ ምስጋና ይለወጣል። ስለዚህ ተርጓሚ መዝገበ ቃላት ሲገልጥ፣ የቃሉን የዛሬ ፍቺ ብቻ ሳይሆን ጽሑፉ በተጻፈበት ዘመን የነበረውንም መመርመር ይኖርበታል።