የጣና ወደብና ታንኳ

የቅኝ ግዛት ቅርስ ሲባል ብዙውን ጊዜ በዓይነ ኅሊና የሚደቀነው የምፅዋ ሰገነትና ቅስት ነው። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ከተማውን ከዓባይ ማዶ ወደሚለይበት ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ ጎብኚ ግን እንዲህ ያለውን ሕንፃ ፈልጎ ዳርቻውን ቢዞር እምብዛም አያገኝም። በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ የኢየሱሳዊው የፔድሮ ፓኤዝ ሥራ ነው የሚባል አሮጌ የድንጋይ ቤት ቢኖርም፣ እሱም የሚስዮናዊ እንጂ የገዢ አሻራ አይደለም። ባዕዳን እዚህ የተመኙት ውሃውን ነበር።

በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ ያለ እንግሊዝና ሱዳን መንግሥታት ስምምነት የዓባይንና የጣናን ውሃ የሚያግድ ሥራ ላለመሥራት ቃል ገቡ። በ1918 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዝና ኢጣሊያ ባለቤቱን ሳይጠይቁ፣ አንዷ በጣና ላይ ግድብ፣ ሌላዋ በምዕራብ ኢትዮጵያ የኢኮኖሚ የበላይነት እንድታገኝ በደብዳቤ ተስማሙ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ጉዳዩን ለመንግሥታት ማኅበር አቀረቡት፤ ሁለቱ ኃያላንም የኢትዮጵያን ነፃነት ለመንካት አላሰብንም ብለው ለማስተባበል ተገደዱ። የተናቀች አገር በብዕር የረታችበት ብርቅ አጋጣሚ ነው።

የእንግሊዙ ቆንሲል ቺዝማን በ1920ዎቹ ዓ.ም. ሐይቁን እየዞረ ሲያጠና የተሳፈረው በታንኳ ነው። ታንኳ ከደረቀ ደንገል ይታሰራል፤ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ያን ጊዜ ወደ ዳር ተስቦ ፀሐይ ይመታዋል። በዚህ ጥበብ ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው ወይጦዎች ናቸው። መሬት አልነበራቸውም፤ ጉማሬ ይበላሉ ተብለውም ጎረቤት ማዕድ አይጋራቸውም ነበር። ከማዳቸው የሸሸው ጎረቤት ግን እህሉንና እንጨቱን ወደ ገበያ የሚያሻግረው እነሱ ባሠሩት ደንገል ነበር። የቆንሲሉን ስም መጻሕፍት ያውቁታል፤ የቀዛፊዎቹን ስም ማን ያውቃል?

ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. ገብታ በ1933 ዓ.ም. ተባረረች። በካሣዋ ገንዘብ በ1953 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ቆመ፤ የገበሬውም ልጅ በፈረቃ ደወል የሚነሳ ሠራተኛ ሆነ። ከተማው በሰፋ ቁጥር ወይጦዎች ከዳርቻው እየተገፉ ሄዱ።

ዛሬ ሞተር ጀልባዎች ጎብኚ ጭነው ወደ ዘጌ ይነሳሉ። ማዕበላቸው በአጠገባቸው የሚቀዝፈውን፣ ማገዶ የጫነውን ታንኳ ያወዛውዘዋል። ለተመላሹ ጎብኚ ደግሞ ከዚያው ደንገል የተሠራ፣ ክንድ የማይሞላ ታንኳ ለማስታወሻ ይሸጥለታል።