«ጠፋ» እና «አልነሣ አለ»፦ የሁለት የመኪና ቃላት ታሪክ

በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውቶሞቢል ለዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ አማርኛ ለክፍሎቹ ስም አልነበረውም። ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ ስሞች ከጣልያንኛ ተወስደዋል፤ ጎማ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላና ሞተሪኖ እስከ ዛሬ በጋራዥ ይነገራሉ።

ግሦቹ ግን የራሳችን ናቸው። ሞተር እንደ እሳትና እንደ መብራት «ይጠፋል»፤ እንደ ተኛ ሰው «ይነሣል»፤ እንቢ ሲልም «አልነሣ አለ» እንላለን። ተርጓሚ «ሞተሩ ሲጠፋ» በማለት ፈንታ «መኪናው ሲቆም» ብሎ ቢጽፍ፣ አንባቢው ብልሽቱን ከሞተሩ ይልቅ ከፍሬን ወይም ከጎማ ሊፈልግ ይችላል።

«አልነሣ አለ» የሚለውም ሁለት ብልሽቶችን ያጠቃልላል። በቁልፍ ሲሞከር ሞተሩ ጨርሶ ካልዞረ፣ ምርመራው ከባትሪና ከሞተሪኖ ይጀምራል። እየዞረ ካልተነሣ ግን፣ በቤንዚን ሞተር፣ የሚመረመረው ነዳጁና የካንዴላው እሳት ነው። ካርቡራተር ባለው መኪና በረጅም ዳገት ቤንዚኑ በቧንቧው ውስጥ በሙቀት ሊተን ስለሚችል፣ መፍትሔው ሞተሩን ማቀዝቀዝ ይሆናል። ከሰቆጣ ወደ ዝቋላ ሲጓዝ ከጋራዥ ርቆ ይህ የደረሰበት ሹፌር ልዩነቱን ሳያጤን ቁልፉን ደጋግሞ ቢሞክር፣ ባትሪውን ጨርሶ አንዱን ብልሽት ሁለት ያደርገዋል።

ስለዚህ «አልዞር አለ» እና «እየዞረ አልነሣ አለ» በመዝገበ ቃላት ለየብቻ እንዲፈቱ እናሳስባለን። ሁለቱንም ሹፌሩ ያውቃቸዋል፤ የእኛ ሥራ ልዩነታቸውን በጽሑፍ ማጽናት ነው።