የተጣለው ካርታ ታሪክ

ካርታ ለሚጫወት ሰው የጣለው ካርታ የሄደ ካርታ ነው። ባለጋራው ካላነሳው በቀር ተመልሶ አይታሰብም። ይህን የቆየ ልማድ የገለበጠ አንድ ጨዋታ አለ፤ ታሪኩም ሰው ኪሳራ ያለውን ነገር እንዴት ወደ ሀብት እንደሚለውጥ ያሳያልና ጥቂት ልንቆይበት ይገባል።

ጨዋታው «ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ» ይባላል። የፈለሰፈው አሜሪካዊው የሒሳብ ምሁር ሪቻርድ ጋርፊልድ ሲሆን ለገበያ የቀረበው በ1993 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ተጫዋቹ ካርታ እየገዛና እየተለዋወጠ ይሰበስባል፤ ከሰበሰበውም መርጦ ቢያንስ 60 ካርታ ያለው የራሱን ክምር ይዞ ለግጥሚያ ይቀርባል። ካርታዎቹን ለማውረድ የሚከፈለው «መሬት» ከተባሉ ካርታዎች የሚገኝ ኃይል ነው። መሬት በአንድ ተራ አንድ ብቻ ስለሚወርድ፣ ስምንት ኃይል የሚጠይቅ ግዙፍ አውሬ ለማውጣት ብዙ ተራ መጠበቅ ግድ ነው። የሞተ ፍጡርና የተጣለ ካርታ የሚከማችበት ስፍራ «መቃብር» ይባላል።

መቃብሩ ግን ከመጀመሪያውም የተዘጋ አልነበረም። በ1993ቱ የመጀመሪያ እትም ውስጥ የነበረው «አኒሜት ዴድ» በሁለት ኃይል ብቻ የሞተን ፍጡር ያስነሳ ነበር። ታዲያ አውሬው ተዋግቶ እስኪሞት ለምን ይጠበቃል? በቀጥታ ወደ መቃብር ይግባ! በ2001 የወጣው «ኢንቱምብ» በአንድ ኃይል የተፈለገውን ካርታ ከክምሩ መርጦ ስለሚቀብር፣ የስምንቱ አውሬ በሦስት ኃይል ሜዳ ላይ ቆመ። እንዲህ ያለ ክምር የሚያዘጋጅ ሰው ሦስት ነገር ያመዛዝናል፤ የሚነሳውን፣ የሚቀብረውንና የሚያስነሳውን። አንዱ ከበዛ ሌላው ያንሳል፤ አንዱ ከጠፋ ሁለቱ ከንቱ ናቸው።

ይበልጥ የሚገርመው የ«ባዛር ኦቭ ባግዳድ» ዕጣ ነው። በ1993 መጨረሻ የወጣው ይህ ካርታ ሁለት ካርታ እንዲሳብ ይፈቅድና ሦስት ያስጥላል። በተጠቀሙበት ቁጥር እጅ በአንድ ይጎድላል፤ ላይ ላዩን ለሚያየው ግልጽ ኪሳራ ነው። በ2005 ግን «ድሬጅ» የተባለ ሕግ መጣ። ይህ ሕግ የተጻፈበት ካርታ መቃብር ውስጥ ካለ፣ ተጫዋቹ አዲስ ካርታ በመሳብ ፈንታ ከክምሩ አናት የተወሰኑትን ቀብሮ እርሱን ወደ እጁ ይመልሳል። «ጎልጋሪ ግሬቭ ትሮል» ስድስት ያስቀብራል። ሁለት ትሮል መቃብር ውስጥ ያለው ሰው በባዛሩ አንድ ጊዜ ቢጠቀም 12 ካርታ ይቀብራል። ከመቃብር ሆነው ያለ ክፍያ የሚሠሩ ካርታዎች ሲጨመሩበት፣ ኪሳራ የነበረው ሞተር ሆነ። አዘጋጆቹ «ሞደርን» በተባለው የውድድር ዓይነት ትሮሉን በ2011 ከለከሉ፣ በ2015 ፈቀዱ፣ በ2017 መልሰው ከለከሉ።

መድኃኒቱም ቢሆን ከጥንት አለ። በ1994 የወጣው «ቶርሞድስ ክሪፕት» ያለ አንዳች ክፍያ የባለጋራን መቃብር ጠርጎ ያጠፋል። ችግሩ የቦታ ጥበት ነው። ተወዳዳሪ ከአንደኛው ጨዋታ በኋላ የሚቀያይራቸው ተጠባባቂ ካርታዎች 15 ብቻ ናቸው። ከእነዚህ ስንቱን ለመቃብር ይመድብ? ብዙ ከመደበ ለሌላ ዓይነት ባለጋራ ሳይዘጋጅ ይቀርባል፤ ካልመደበ በሙታን ይሸነፋል። ስለዚህ መቃብርን ያመነ ተጫዋች የሚቀናው ሌሎች በዘነጉት ሰሞን ነው። ሁሉም ሲያስታውሱት ይሸነፋል፤ ሲሸነፍ ይረሳል፤ ሲረሳም ይመለሳል።