የቦንጋ መልእክትና የኬላው ጠባቂ

መልእክትን ከአገር ወደ አገር ማድረስ በመንገድ ርዝመት ብቻ የሚለካ የሚመስለው ሰው፣ የከፋን መንግሥት ታሪክ ቢመረምር አሳቡን ሳይለውጥ አይቀርም፤ በጎጀብ ወንዝ ማዶ፣ በደንና በተራራ ተከቦ ለዘመናት የኖረው ያ መንግሥት ወሰኑን በጥልቅ ጉድብና በአጥር አስከብሮ መግቢያውን በተወሰኑ ኬላዎች ብቻ አድርጎ ስለ ነበር፣ የመልእክተኛው እግር ደርሶ ሳለ ቃሉ ግን ሳይደርስ በበሩ ቆሞ ይቀር ነበርና። የኬላው ሹም መጤውን ከየት እንደ መጣ፣ የማን ሰው እንደ ሆነና ማን እንደሚመሰክርለት ይጠይቀዋል፤ ወደ ንጉሡም፣ ማለት ወደ ታቶው፣ ልኮ ፈቃድ እስኪመጣለት ድረስ ከዚያው ያቆየዋል።

በ1836 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ ቦንጋን ለማየት የበቃው በገንዘቡ ወይም በዕውቀቱ አልነበረም፤ የሊሙ እናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ከከፋ ቤተ መንግሥት የታጨችለትን ልጅ ለማስመጣት የላከው አጃቢ ወደዚያ ሲያመራ አብሮ በመሄዱ፣ የሚታወቅ ስም ከለላ ሆኖት ጥቂት ቀናት በከተማይቱ ሰንብቶ ተመለሰ። ከ16 ዓመት ያህል በኋላ በሐዋርያዊ ተልእኮ የገቡት የካፑቺን ማኅበር ጳጳስ አባ ማስያስ ደግሞ ሁለት ዓመት ገደማ ከተቀመጡ በኋላ በ1853 ዓ.ም. በንጉሡ ትእዛዝ ከአገሩ ተባረሩ፤ ኬላው የማስገባት ብቻ ሳይሆን የማስወጣትም ሥልጣን እንደ ነበረው ከዚህ ይታያል።

በዚያ ዘመን ከቦንጋ ወደ ሩቅ አገር ደብዳቤ ለመላክ የሚሻ ሰው ከነጋዴው ጓዝ በቀር ሌላ ፖስታ አልነበረውም። መንገዱ ከቦንጋ ወደ ጅማ፣ ከጅማ ወደ ሊሙው ገበያ ወደ ሳቃ፣ ከዚያም ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃሙ ባሶ፣ በመጨረሻም በጎንደር አልፎ ወደ ምጽዋ ይወርዳል፤ ቡናው፣ የዝሆን ጥርሱና የጥርኙ ዝባድ በሚጫኑበት በዚያው መንገድ፣ ይህንም ሳያነሡ ማለፍ አይገባም፣ በባርነት የተሸጠውም ሰው ይነዳ ነበር። ደብዳቤው በየገበያው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ፣ ተቀባዩ ነጋዴ ሰጪውን የማያውቀው ከሆነ ሊቀበለው ግዴታ አልነበረበትም፤ ስለዚህም የጉዞው ፍጥነት በበቅሎ እርምጃ ከሚወሰነው ይልቅ በትውውቅ የሚወሰነው ይበልጥ ነበር።

በ1890 ዓ.ም. መባቻ ላይ የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ሠራዊት የመጨረሻውን ታቶ፣ ጋኪ ሸሮቾን፣ ማርኮ የከፋን መንግሥት ሲደመድም፣ የጉድቡ ዘመንም አብሮ አከተመ። ከዚህ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የፖስታን ሥራ በ1886 ዓ.ም. በአዋጅ መሥርተው፣ በፓሪስ የታተመው ቴምብር በ1887 ዓ.ም. ለሽያጭ ውሎ ነበር። ነገር ግን በቴምብሩ ላይ ያለው የንጉሠ ነገሥቱ ምስል ምንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ከጂቡቲ ባሕር ማዶ የሚያውቀው ስላልነበረ፣ ወደ አውሮፓ የሚሄደው ፖስታ የፈረንሳይን ቅኝ ግዛት ቴምብር በተጨማሪ እየለጠፈ ነበር የሚሻገረው፤ ይህ የቀረው ኢትዮጵያ በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ከሆነች በኋላ ነው። ያ የአባልነት ፊርማ፣ በእኔ ግምት፣ አንድ ሺህ በቅሎ ከመግዛት የሚበልጥ ሥራ ሠርቷል፤ መንገዱን አንድ ስንዝር ሳያሳጥር ደብዳቤያችንን በየአገሩ በር የታወቀ አድርጎታልና።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። የስልክ ሽቦ በየአውራጃው ተዘረጋ፤ እንጨቱን ምስጥ ሲበላው፣ ሽቦውን ለአምባር የሚፈልግ ሰው ሲቆርጠው፣ እንደገና ሲጠገን ቆየ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የከፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ጅማ ስለ ሆነች፣ የቦንጋ ጉዳይና ደብዳቤ በጅማ በኩል የሚያልፍ ሆነ፤ እንደ አገሩ ሁሉ ፖስታው ወደ ቤት አይመጣም ነበር፣ ባለቤቱ ሄዶ ከፖስታ ሣጥኑ ያወጣው ነበር እንጂ።

በ1980ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ባለው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የሚባለው ክፍል በፊዶኔት ሥርዓት ኢሜይል ማመላለስ ጀመረ፤ ደብዳቤዎቹ በአንድ ኮምፒዩተር ተጠራቅመው ይቆዩና፣ በሞደም ስልክ ተደውሎ ወደ ውጭ አገር በአንድ ጊዜ ይላካሉ፣ የመጣውም ይወሰዳል። በ1989 ዓ.ም. ኢንተርኔት በቴሌ በኩል ሲገባ፣ በ1990ዎቹ ደግሞ ወረዳኔት በሳተላይት የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን ሲያገናኝ፣ መስመሩ እስከ ገጠር ከተሞች ደረሰ። የሚያሳዝነው፣ መስመሩ ደርሶ ሳለ ብዙ መሥሪያ ቤት ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤ ስካን አድርጎ ከሠራተኛው የግል ያሁ ወይም ጂሜይል አድራሻ መላኩን ልማድ አደረገው፤ ማኅተሙ የመንግሥት፣ በሩ ግን የባዳ መሆኑ ነው።

ዛሬ ይህን ለማረም የራሱን የኢሜይል ሰርቨር በሕንጻው ውስጥ ያኖረ መሥሪያ ቤት የሠራተኞቹን ሣጥን ቀስ በቀስ ወደ ክላውድ ሲያዛውር፣ ገሚሱ እዚህ፣ ገሚሱ እዚያ፣ ሁሉም ግን በአንድ የዶሜን ስም እየተጠራ የሚኖርበት ጊዜ ይመጣል፤ የኬላውም ጥያቄ በሙሉ ተመልሶ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። የዶሜኑ የኤምኤክስ መዝገብ፣ ማለት ደብዳቤው የሚላክበትን ሰርቨር የሚያመለክተው፣ የውጭውን ደብዳቤ ወደ ክላውዱ የሚመራ ከሆነ፣ ክላውዱ ተቀባዩን በራሱ የስም መዝገብ ይፈልጋል፤ ዶሜኑ «ተቀባዮቹ ሁሉ እኔ ዘንድ ናቸው» በሚል ደንብ ተመዝግቦ ስሙን ካጣው፣ ሣጥኑ ገና በመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ያለውን ሰው «እንዲህ ያለ ሰው የለም» ብሎ ደብዳቤውን ይመልሳል። ደንቡ «የማላውቀውን ወደ ውስጥ አሳልፋለሁ» የሚል ሲሆን ግን ሁለቱን በሚያገናኘው ኮኔክተር በኩል፣ በፖርት 25፣ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ያወርደዋል። ሁለቱም ወገን ይህንኑ ደንብ ከያዙ ደግሞ፣ በማንም ዘንድ ሣጥን የሌለው ሰው ደብዳቤ በመካከላቸው ይመላለሳል፤ እያንዳንዱ ሰርቨር የተቀበለበትን ሰዓት በራስጌው ላይ አንድ መስመር እየጨመረ ይጽፋል፣ መስመሩም ከልክ ሲያልፍ ጉዞው ይቋረጣል። ከመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ወደ ክላውዱ የሚወጣውም ቢሆን፣ ክላውዱ ሰርቨሩ ማንነቱን በሚያሳይበት ሰርተፍኬት ላይ ባለው ስም ወይም በቋሚ አይፒ አድራሻው ለይቶ ካላወቀው፣ የቤቱን ልጅ እንደ ባዳ ቆጥሮ ይመልሰዋል፤ አለዚያም ከማይረባው ደብዳቤ ጋር ይጥለዋል።

ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ቦንጋ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ በመሆኗ፣ በዚያ ያሉ ቢሮዎች የሚጽፉትና የሚቀበሉት ደብዳቤ ቀድሞ ከነበረው እጅግ የበዛ ነው። ሰርቨሮቻቸው የሚታወቁበት ሰርተፍኬት ግን ዘመኑ የተወሰነ ስለ ሆነ፣ ያለቀበት ዕለት ሰርቨሩ ደብዳቤውን በወረፋ አቁሞ ለቀናት ደጋግሞ ይሞክራል፤ ሳይሳካለት ሲቀር ወደ ላኪው ይመልሰዋል፣ ተቀባዩም የተጻፈለት ነገር መኖሩን አያውቅም። ስለዚህ ይህን ሥራ የያዙ የቢሮዎቹ ባለሙያዎች የሰርተፍኬቱን ማብቂያ ቀን፣ የዶሜኑን ደንብና በኮኔክተሩ የታወቁትን አድራሻዎች በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ሳይሆን በመዝገብ ቤት ጽፈው እንዲያስቀምጡ አደራ እላለሁ።